ድንጋዩ የዘገየበት መንደር፦ ቶልፑድል

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ከዶርቼስተር ከተማ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቶልፑድል የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። አንድ ዋና መንገድ፣ ክዳናቸው ሣር የሆነ ጎጆዎች፣ አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ በአጠገቧ የምታልፍ ፒድል የምትባል ቀጭን ወንዝ። እንግሊዝ አገር እንደዚህ ያሉ መንደሮች በሺህ ይቆጠራሉ። ሆኖም በየዓመቱ በሐምሌ ወር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሠራተኛ ማኅበራትን ሰንደቅ ይዘው ወደዚች መንደር ይጎርፋሉ፤ በአንድ መቃብር ላይም የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ።

መቃብሩ የአንድ የእርሻ ሠራተኛ ነው። ሰውየው የሞተው በ1891 ነው። ዛሬ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የመቃብር ድንጋይ ግን የተተከለው በ1934 ነው። በሁለቱ መካከል 43 ዓመት አለ። የቶልፑድልን ታሪክ በትክክል ለመረዳት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ድንጋዩ ለምን ዘገየ?

◆ የመንደሯ ሥር

ስሟ ራሱ ታሪክ ነው። በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦርክ የሚባል የንጉሥ ክኑት ባለሟል ነበር። ሚስቱ ቶላ ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቱን አቦትስበሪ ለሚባለው ገዳም ሰጠች። ከእርሷ ስምና ከወንዟ ስም ተጣምሮ ቶልፑድል ተባለ። እንግዲህ መንደሯ ስሟን ያገኘችው መሬት ከነበራት ሴት ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ዝናዋን ያገኘችው ግን ምንም መሬት ካልነበራቸው ሰዎች ነው።

በ1830ዎቹ የዶርሴት ገጠር በሦስት እርከን የተከፈለ ነበር። ከላይ መሬቱን የያዙት ባለርስቶች አሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ መሬቱን በሰፊው ተከራይተው የሚያሳርሱ ሀብታም ገበሬዎች ይመጣሉ። ከሥር ያለው ለእነዚህ ገበሬዎች በሳምንታዊ ደመወዝ የሚሠራው ጉልበተኛ ነው። ይህ የመጨረሻው ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ትውልድ በፊት ላሙን የሚያሰማራበትና እንጨት የሚለቅምበት የጋራ መሬት ነበረው። ፓርላማው ባወጣቸው የመሬት አጥር ሕጎች አማካይነት ያ የጋራ መሬት በየቦታው ታጥሮ የግል ሆነ። ቀጥሎ የእህል መውቂያ መኪና መጣና የክረምቱን ሥራ ወሰደበት። የቀረለት ጉልበቱ ብቻ ነበር፤ ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ ገዢው ነው።

በ1830 የደቡብና የምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች ተነሡ። መውቂያ መኪናዎችን ሰባበሩ፣ የእህል ክምሮችንም አቃጠሉ። የመንግሥት ምላሽ ፈጣን ነበር፤ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፣ ወደ 500 የሚጠጉት ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ይህ ፍርሃት በሁለቱም ወገን ልብ ውስጥ ነበር። ሠራተኛው ገመዱን አይረሳም፣ ባለርስቱም እሳቱን አይረሳም።

◆ ከአሥር ሽልንግ ወደ ሰባት

የቶልፑድል ሠራተኞች መኪናም አልሰበሩ፣ ክምርም አላቃጠሉ። የጠየቁት በሌሎች ወረዳዎች የሚከፈለውን ያህል፣ ማለትም በሳምንት አሥር ሽልንግ እንዲከፈላቸው ነው። ቃል አቀባያቸው ጆርጅ ላቭለስ ይባላል። በቀን ሲያርስ ውሎ ማታ መጽሐፍ የሚያነብ፣ እሑድ እሑድ በሜቶዲስት ጸሎት ቤት የሚሰብክ ሰው ነው። እርሱ ኋላ በጻፈው መሠረት አሠሪዎቹ በመንደሩ ቄስ ፊት እሺ ብለው ነበር። ቃሉ ግን ታጠፈ። ቄሱም አልሰማሁም፣ አላየሁም አሉ። ደመወዙ ዘጠኝ ሽልንግ ነበር፤ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ሰባት ሆነ፣ ቀጥሎ ስድስት እንደሚሆን ተነገራቸው።

ወደ አውራጃው ዳኞች ሄደው አቤት አሉ። የተሰጣቸው መልስ፣ ሠራተኛ አሠሪው የሚሰጠውን መቀበል እንጂ ሌላ መብት እንደሌለው የሚያስረዳ ነበር። በሩ ሲዘጋ የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

በ1833 መጸው ላይ የእርሻ ሠራተኞች የወዳጅነት ማኅበር መሠረቱ። መግቢያው አንድ ሽልንግ፣ ሳምንታዊ መዋጮው አንድ ፔኒ ነው። ስብሰባው የሚደረገው በቶማስ ስታንድፊልድ ጎጆ ፎቅ ላይ ነበር። በመንደሯ መካከል ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይመክሩ እንደነበርም ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በዚያን ጊዜ ወንጀል አልነበረም። የከለከለው ሕግ በ1824 ተሽሯል። እነዚህ ሰዎች ሕጉ የፈቀደውን ነው ያደረጉት።

◆ ሕግ ሲጠመዘዝ

የአካባቢው ባለርስትና ዳኛ ጄምስ ፍራምፕተን የማኅበሩን ወሬ ሲሰማ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ደብዳቤ ጻፈ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ማኅበር መመሥረት ሕጋዊ ከሆነ ሰዎቹ በምን ይከሰሳሉ? መልሱ ከአሮጌ ሳጥን ወጣ። በ1797 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች አምፀው ነበር። ያን ጊዜ ፓርላማው ለአመፅ የሚደረግ ስውር መሐላን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። የማኅበሩ አባላት ሲገቡ መሐላ ፈጽመዋል፤ እንግዲህ ለመርከበኛ አመፅ የወጣው ሕግ በአራሽ ላይ ይሠራል ተባለ።

መሐላው በእርግጥ ተፈጽሟል። በታኅሣሥ 1833 አዲስ አባላት ዓይናቸው ተሸፍኖ ወደ ስታንድፊልድ ጎጆ ገቡ፤ ተንበርክከው ጽሑፍ ተነበበላቸው፣ መጽሐፍም ተሳለሙ። ዓይናቸው ሲገለጥ የሰው አጽም የተሣለበት ትልቅ ሥዕል አዩ። ሥርዓቱ ለዛሬ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በዘመኑ ግን ብዙ የሠራተኛና የመረዳጃ ማኅበራት አባላታቸውን የሚያስሩት በዚህ ዓይነት ወግ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ምሥጢሩን ለአሠሪው ቢያወጣ የሁሉም እንጀራ ይቆረጣል።

በዚያ ምሽት ከገቡት አንዱ ኤድዋርድ ሌግ ይባላል። ኋላ የመንግሥት ምስክር የሆነው እርሱ ነው።

የካቲት 22 ቀን 1834 በማኅበር የገባ ሰው ሰባት ዓመት ግዞት ይጠብቀዋል የሚል ማስጠንቀቂያ በየቦታው ተለጠፈ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በየካቲት 24 ንጋት ላይ፣ ስድስት ሰዎች ተያዙ፦ ጆርጅ ላቭለስ፣ ወንድሙ ጄምስ ላቭለስ፣ የእኅታቸው ባል ቶማስ ስታንድፊልድ፣ የቶማስ ልጅ ጆን፣ ጄምስ ብራይን እና ጄምስ ሃሚት። ከስድስቱ አራቱ በዝምድናም በጸሎት ቤትም የተሳሰሩ ነበሩ። እስከ ዶርቼስተር ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

መሐላው ወደኋላ ሄዶ፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ወደፊት ነው። ሰዎቹ የተከሰሱት ማስጠንቀቂያው ከመለጠፉ ከሁለት ወር በፊት ባደረጉት ነገር ነው።

ከስድስቱ መካከል የሃሚት ጉዳይ የተለየ ነው። በዚያ የመሐላ ምሽት እርሱ በጎጆው አልነበረም፤ የነበረው ወንድሙ ነው። ሆኖም ወንድሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ አላመለከተም፤ ቅጣቱን በዝምታ ተቀበለ።

ችሎቱ በመጋቢት ወር በዶርቼስተር ተሰየመ። ክሱ ለፍርድ እንዲቀርብ የወሰነው የታላቁ ጁሪ ሰብሳቢ የሎርድ ሜልበርን የሚስት ወንድም ነበር። ጥፋተኝነታቸውን የወሰነው ጁሪም ከገበሬዎችና ከመሰሎቻቸው የተውጣጣ ነው፤ ሠራተኛ አልነበረበትም። ላቭለስ በጽሑፍ ባቀረበው መከላከያ ማንንም እንዳልጎዱ፣ የማንንም ንብረት እንዳልነኩ፣ ያሰቡት ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ከረኃብ ማዳን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። መጋቢት 19 ቀን እያንዳንዳቸው የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። ዳኛው ቅጣቱ ለሌሎች መቀጣጫ እንዲሆን መታሰቡን አልደበቀም።

አምስቱ በአንድ መርከብ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተላኩ። ታሞ የቀረው ጆርጅ ላቭለስ ቆይቶ ዛሬ ታዝማኒያ ወደምትባለው ደሴት ተጋዘ። በቶልፑድል የቀሩት ሚስቶችና ልጆች የድሆች መደጎሚያ ሲጠይቁ ተከለከሉ። ለማኅበር መዋጮ የሚተርፍ ገንዘብ ያለው ቤት እርዳታ አያስፈልገውም ነበር ምክንያቱ። በሳምንት አንዲት ፔኒ የልጆች እንጀራ መከልከያ ሆነች።

◆ ሎንዶን ስትነሣ

ፍርዱ ሌሎችን ለማስፈራራት ታስቦ ነበር፤ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሚያዝያ 21 ቀን 1834 በሎንዶን ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በሥርዓት ተሰልፎም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሄደ። 200,000 ያህል ፊርማ ያለበት አቤቱታ ይዟል። ሎርድ ሜልበርን በእንዲህ ዓይነት ሰልፍ ታጅቦ የመጣ አቤቱታ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ሰልፈኞቹ ድንጋይ አልወረወሩም። ለስድስቱ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚያሰባስብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በፓርላማም ጥያቄው ተደጋግሞ ተነሣ።

መንግሥትን ያሳፈረው ሌላ ነገር ነበር። ኦሬንጅ የሚባለው ማኅበር ከባላባቶችና ከመኮንኖች አባላትን ያፈራ፣ የራሱ ስውር ሥርዓት ያለው ድርጅት ነው። የበላይ መሪው የንጉሡ ወንድም፣ የካምበርላንድ መስፍን ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ስውር መሐላ ወንጀል ከሆነ የንጉሡ ወንድም ለምን አይጋዝም? መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

በመጋቢት 1836፣ አዲሱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ራስል በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ሙሉ ምሕረት ወጣ። ጆርጅ ላቭለስ የተመለሰው በ1837 ነው፤ አራቱ በ1838፤ ሃሚት በ1839። ምሕረቱ ከሎንዶን ወጥቶ ሃሚትን ወደ አገሩ እስኪያደርስ ሦስት ዓመት ወሰደ። ምሕረት ከግዞት ይልቅ ቀስ ብሎ ይጓዛል።

◆ መመለሻ ያጣችው መንደር

የቶልፑድል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ሕዝብ ጮኸ፣ መንግሥት ተሸነፈ፣ ሰማዕታት ተመለሱ። ቀጥሎ የሆነው ግን እንዲህ ደስ የሚል አይደለም። አምስቱ በቶልፑድል መኖር አልቻሉም። ማን ያሠራቸዋል? መሬቱም ጎጆውም የእነዚያው ሰዎች ነው። ኮሚቴው በኤሴክስ አውራጃ እርሻ ተከራየላቸው። እዚያም የአካባቢው ባለርስቶችና ቄሶች በጥርጣሬ ዓይን አዩአቸው። ከ1840ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አምስቱም ከነቤተሰባቸው ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ ሎንዶን በምትባል የኦንታርዮ ከተማ አካባቢ ሰፈሩ። ያለፈውንም ነገር አላወሩም። ልጆቻቸው ጭምር የወላጆቻቸውን ታሪክ ሳያውቁ እንዳደጉ ይነገራል። ምሕረት የተሰጠው ሰው ወንጀለኛ ተብሎ እንደነበር መናገር አይወድም።

ሃሚት ብቻ ወደ ቶልፑድል ተመልሶ ቀረ፤ የግንባታ ሠራተኛ ሆነ። በ1875 አዲስ የተነሣው የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አስታውሶት የወርቅ ሰዓት ሸለመው። በእርጅናው ዓይኑ ጠፋ፤ በ1891 ዶርቼስተር በሚገኘው የድሆች መጠለያ ሞተ። ስለ ቀብሩ የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ የአካባቢው ባለርስት ማንም ሰው ስለ ማኅበር እንዳይናገር በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ይባላል። መቃብሩም ያለ ድንጋይ ቀረ።

◆ ምልክቶቹን በዓመታቸው ማንበብ

ዛሬ ወደ ቶልፑድል የሚሄድ ሰው የሚያየው ብዙ ነገር አለ። እያንዳንዱን ከነዘመኑ ቢያየው ግን ሌላ ታሪክ ይገለጥለታል።

መጀመሪያ ዛፉ። እንግሊዞች ሲካሞር ይሉታል። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ አይደለም፤ ሜፕል ከሚባለው ወገን ነው። ባለሙያዎች በ2005 ባደረጉት ግምት የበቀለው በ1680ዎቹ ነው። እንግዲህ በስድስቱ ዘመን መቶ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ዛፍ ነበር። ከምልክቶቹ ሁሉ ማንም ሳይተክለው ለመታሰቢያ የቀረ እርሱ ነው።

ሁለተኛው የስታንድፊልድ ጎጆ፤ ሦስተኛው በ1818 የተሠራው አሮጌው የሜቶዲስት ጸሎት ቤት። ስድስቱ በሕይወት ሳሉ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ጸሎት ቤቱ ድሆች በራሳቸው እጅ ያቆሙት ትንሽ ቤት ነው። ላቭለስ ንግግርን፣ ስብሰባን መምራትንና መዋጮ መሰብሰብን የተማረው በእንደዚህ ያለ ቤት ነው። ቤቱ ከጊዜ በኋላ የጸሎት አገልግሎቱን አቁሞ የእርሻ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። የታደሰው በእኛ ዘመን ነው።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ይመጣል። በ1912 በአዲሱ ጸሎት ቤት ፊት ለፊት የመታሰቢያ በር ቆመ፤ መራቂው የሌበር ፓርቲው አርተር ሄንደርሰን ነበር። ያኔ የሠራተኛው ፓርቲ ፓርላማ ገብቷል። በ1934፣ መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ የእንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ጡረታ ለወጡ የእርሻ ሠራተኞች ስድስት ቤቶችን ሠራ፤ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ሰማዕት ስም ተሰየመ። ሙዚየሙም እዚያው ነው። በዛፉ አጠገብ ያለው የሣር ክዳን መጠለያ የዚያው ዓመት ነው፤ ያሠራው የልብስ መደብር ባለቤት የነበረው ባለጠጋው ሰር ኧርነስት ደበናም ነው። በታዋቂው ቀራፂ በኤሪክ ጊል የተሠራው የሃሚት የመቃብር ድንጋይም በ1934 ተተከለ፤ መጋረጃውን የገለጠው የሌበር ፓርቲ መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ነው። በሙዚየሙ ፊት የተቀመጠው የጆርጅ ላቭለስ ሐውልት ደግሞ የ2001 ሥራ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ድንጋዩ የዘገየው ሰውየው ስለተረሳ አይደለም። ማኅበሩ በ1875 ሰዓት ሲሸልመው ማን እንደሆነ አውቆ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ለማቆም መሬት ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በዚያው መንደር የሚኖር ሰው ሳይፈራ አጠገቡ መቆም መቻል አለበት። በ1891 የቶልፑድል ሠራተኛ ጎጆውም ሥራውም ከባለርስቱ እጅ ነበር። በ1934 ግን የሠራተኛው ፓርቲ ሁለት ጊዜ መንግሥት መሥርቷል፤ ስድስቱን ማክበር ማንንም እንጀራ አያስቆርጥም። ክብር የመጣው ዋጋው ሲረክስ ነው።

ከቶልፑድል ውጭ የቆመ አንድ ሌላ መታሰቢያም አለ። በ1837፣ ገና አራቱ ሰዎች ወደ አገራቸው ሳይመለሱ፣ በአውስትራሊያ ምድር ለምትቆረቆር አዲስ ከተማ ስም ወጣላት። ስሙ ሜልበርን ነው። ሰዎቹን ወደ አውስትራሊያ ያጋዘው ሚኒስትር ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነበርና ዛሬ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ በስሙ ትጠራለች። ለአጋዡ ከተማ ለመስጠት ጥቂት ዓመት በቃ፤ ለተጋዡ አንድ ድንጋይ ለመትከል ግን ምዕተ ዓመት አስፈለገ።

የቶልፑድል ትምህርት ለታሪክ ተመልካች ሁለት ነገር ያስጨብጣል። አንደኛው ስለ ሕግ ነው። መብት በአንድ ገጽ ተጽፎ ሳለ በሌላ ገጽ ሊነጠቅ ይችላል። ማኅበር መመሥረት ተፈቅዷል፤ ማኅበሩን የሚያጸናው መሐላ ግን ወንጀል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር በሕግ መፈቀዱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የተፈቀደውን ያደረገ ሰው በምን ሌላ ሕግ እንደተከሰሰ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስለ መታሰቢያ ነው። የትኛውም አገር ለተበደሉት ሐውልት ሲያቆም በሐውልቱ ላይ ከተጻፈው ስም ቀጥሎ የሚነበበው ሐውልቱ የቆመበት ዓመት ነው። በበደሉና በድንጋዩ መካከል ያለው ዘመን፣ ፍርሃቱ በዚያ አገር ስንት ትውልድ እንደቆየ ይናገራል።

በቶልፑድል ያ ዘመን መቶ ዓመት ነው። ስድስቱ ሰዎች የጠየቁት ደግሞ በሳምንት ሦስት ሽልንግ ጭማሪ ነበር።